የሰው ዘፈን ዘፋኞች

እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ አሪዞና ይባል በነበረ ክለብ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ዘፋኛቸውን ቢጠብቁ ቀረባቸው። የኦርኬስትራው ሰዎች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ የሚያመሹት እዚያ ነበር። ከክለቡ ሠራተኞች መካከል የተገኘውን ሁሉ የሚሠራ፣ ከዚያ በፊት በሊስትሮነት የኖረ አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ ጥቂት እንዲዘፍን ፈቃድ ጠየቀ። ፈቀዱለት። ብዙም ሳይቆይ ቋሚ ድምፃዊ ሆነ፤ እስከ 1974 ድረስም አብሯቸው ቆየ።

ወጣቱ ማሕሙድ አሕመድ ነው። ጥር 2017 ዓ.ም ሚሊኒየም አዳራሽ ላይ መድረክን ሲሰናበት ከስድሳ ዓመት በላይ የዘፈነ ሰው ነበር። ያን የአሪዞና ማታ ግን በስሙ የታተመ አንድም ሸክላ አልነበረውም። ሊዘፍን የሚችለው ባንዱ የሚያውቀውን፣ ቤቱም የለመደውን ነበር። በዛሬ አነጋገር የሰው ዘፈን ዘፈነ።

«የሰው ዘፈን» የሚለው ቃል ዛሬ ለስድብ አንድ ሐሙስ የቀረው ነው። ቦሌ ወይም ካዛንቺስ አሥር ዓመት ክለብ የሠራ ድምፃዊ ቃለ መጠይቅ ቢቀርብለት የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ የራስህን ሥራ መቼ ነው የምናየው ይባላል። አሥሩን ዓመት ምን ሲያደርግ እንደከረመ የሚጠይቀው የለም። ቤተሰብም እንደዚያው ነው፤ «ልጃችን ዘፋኝ ነው» ለማለት አልበም እስኪወጣ ይጠበቃል። ጋዜጦቻችንም ከዚህ አይነጹም፤ የጥበብ ዓምዳቸው አልበም ሲወጣ ይጽፋል፣ ኮንሰርት ሲዘጋጅ ይጽፋል፣ ዘፋኝ ሲሞት ደግሞ አብዝቶ ይጽፋል። በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ የሚሠራው ባንድ ግን ዜና ሆኖ አያውቅም።

ክለብ መሥራት ወደ አልበም የሚወስድ ታክሲ ተደርጎ ነው የሚታየው፤ ተሳፍረህ ትወርዳለህ፣ ያልወረደ ተሸንፏል። ይህ አመለካከት በሁለት በኩል የተሳሳተ ነው። በአንድ በኩል ዘመናዊ ሙዚቃችን ከየት እንደመጣ ይረሳል። በሌላ በኩል የሰውን ዘፈን በቀጥታ መድረክ ላይ መሥራት ራሱን የቻለ፣ የራሱ መምህርና የራሱ ፈተና ያለው ሙያ መሆኑን አያይም።

ከታሪኩ ይጀመር። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች አዲስ አበባ ሲገቡ ይዘው የመጡት የነሐስ መሣሪያና ከሌላ አገር የተማሩትን ሙዚቃ ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ፤ የአገሩንም ዜማ ለነሐስ መሣሪያ አቀናበረ። የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያደጉት በዚህ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ የሌላውን አሳምሮ መጫወት፣ ከዚያ የራስን ወደዚያ ማስገባት።

ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ያሰኘው ምን ነበር? የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈን እየዘፈነ፣ ጸጉሩን እንደ እሱ አበጥሮ፣ አለባበሱን ሳይቀር ቀድቶ መነሣቱ ነው። ጄምስ ብራውንንም እንዲሁ። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ ራዲዮና የወታደር ክለቦቹ አዲሱን የአሜሪካ ሙዚቃ ወደዚህ ምድር ሲያደርሱ፣ የከተማው ወጣት ጆሮውን ራዲዮ ላይ ለጥፎ ቃሉን እንደሰማው ያህል ይይዘው ነበር፤ እንግሊዝኛው ቢሳሳት የሚከስ የለም። ዓለማየሁ በኋላ ከፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ ጋር ሆኖ የአማርኛ ዘፈን ሲሠራ ያ የተቀዳ ጩኸትና ያ እግር አልተለየውም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የቀረጸው ድምፅ ክለብ ውስጥ፣ በሰው ዘፈን የተሞረደ ድምፅ ነው።

ከዚያ የሆቴሎቹ ዘመን መጣ። ዋልያስ ባንድ ሒልተን፣ አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል፣ ዳህላክ ባንድ ጊዮን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ሒልተን የሚመጣው እንግዳ ዲፕሎማት ነው፣ ነጋዴ ነው፣ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው፤ ባንዱ ለእሱ የውጭ ዘፈን፣ ለአገሬው ደግሞ የጥላሁን ገሠሠን ዜማ በመሣሪያ ብቻ እያዋዛ ማምሸት ነበረበት። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድን አጅቦ «እሬ መላ መላ»ን ሲቀርጽ አባላቱ ከየማታው የሆቴል ሥራ የወጡ እንጂ ለቀረጻ ብቻ የተሰበሰቡ አልነበሩም። ያ ባንድ ኋላ ሮሃ ሆነ፤ በካሴት ዘመን የሮሃን አጃቢነት ያላገኘ ታላቅ ድምፃዊ መቁጠር ያስቸግራል።

የደርግ ሰዓት እላፊ ደግሞ ነገሩን ወደማይታሰብ ደረጃ አደረሰው። ሰዓቱ ሲደርስ የክለቡ በር ይዘጋል፤ ውስጥ የገባ እስኪነጋ አይወጣም። ስለዚህ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አንድ ባንድ በአንድ ሌሊት ስንት ዘፈን ማወቅ እንዳለበት አስቡት! የራሱን ብቻ የሚያውቅ ቢሆን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አልቆበት ከታዳሚው ጋር ተፋጦ ያነጋ ነበር። የዘመኑ ሙዚቀኞች ጣት የተፍታታው በዚህ ነው። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 ብቻውን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለምን ሲያዞረው፣ የውጭ ጋዜጦች «እንዴት እንዲህ ሊጫወት ቻለ» ብለው ተገረሙ። ያን ሁሉ ሌሊት ታዳሚ ተቆልፎበት የተጫወተ ሰው ባይችል ነበር የሚገርመው።

አሁን ወደ ዛሬው ቅዳሜ ማታ። አምስት ሰው ያለበት አንድ የክለብ ባንድ እንውሰድ፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ከተቻለ አንድ ሳክስ። ድምፃውያኑ ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ ይቀያየራሉ። አንዷ የአስቴር አወቀን ትይዛለች፣ አንዱ የጥላሁንና የማሕሙድን፣ ሌላው የወጣቶቹን፤ ባህላዊውን የሚይዝ ደግሞ አለ። ባንዱ አይቀያየርም። ድምፃዊው ወርዶ ውኃ ሲጠጣ ድራመሩ እዚያው ነው።

ጥላሁን ገሠሠ በጉልምስናው የዘፈነውን ዘፈን በዚያው ቁመት ሊዘፍን የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ድምፃዊው ዝቅ ይበልልኝ ይላል። ዝቅ ማድረግ ሲባል ለኪቦርዱ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ለሳክሱና ለጊታሩ ግን ጣታቸው የለመደው ቦታ ሁሉ ይቀየራል። ሁለተኛው ድምፃዊ ያንኑ ዘፈን በሌላ ኪይ ይፈልገዋል። ሴቷ በሌላ። አንድ የክለብ ቤዚስት አንድን ዘፈን በሦስትና በአራት ኪይ በቃሉ ይዞ ይዞራል፤ ወረቀት ማየት የለም፤ ብርሃኑም አያሳይም።

ቅኝቱ ሌላ ጣጣ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። አምባሰልና አንቺሆዬ ሲነሡ መንታ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ድምፅ በግማሽ ቶን ይራመዳሉ፣ ሦስተኛው ላይም እኩል ይቆማሉ። የሚለያዩት ከዚያ በላይ ነው። አራተኛው ላይ አንቺሆዬ በግማሽ ቶን ብቻ ይጠጋል፤ አምባሰል ሙሉ ቶን ይዘልላል። እዚያች ላይ የሳተ ጊታሪስት ያልተማረው ታዳሚ ሳይቀር ፊቱን ያዞርበታል፤ ምን እንደተበላሸ አያውቅም፣ መበላሸቱን ግን ያውቃል። በውጭ ትምህርት ቤት ሰባቱን ድምፅ ተምሮ የመጣ ጎበዝ ተጫዋች የመጀመሪያ ወሩን ክለብ ውስጥ የሚያሳልፈው ድምፅ በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው።

ከዚያ የቤቱ ጉዳይ አለ። ምሽቱ የራሱ ሥርዓት አለው፤ በጊዜ ለመጣው እራት በላተኛ ቀስ ያለ ትዝታ ይቀርባል፣ አምስት ሰዓት ላይ ችክችካው ይገባል፣ ቤቱ ሲሞቅ ጎጃምኛው፣ ወሎው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው ሳይቋረጥ ይያያዛል፤ ጉራጊኛው ሲመጣ ወንበር ላይ የሚቀር የለም። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀመር ድራመሩ ምቱን ሳያቆም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይሻገራል። በዚህ መሐል አስተናጋጇ ሶፍት ላይ የተጻፈ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች። ከኋላ ጠረጴዛ ያለው ሰው ለባለቤቱ የተጋቡበትን ዓመት ዘፈን ይፈልጋል። ድምፃዊው አንብቦ ወደ ኪቦርዱ ዞሮ የዘፈኑን መግቢያ በአፉ ያዜማል፤ አራት ምት ያህል ጊዜ አላቸው። ከዚያ ይጀመራል። ቢሳካ ሰውዬው መጥቶ ድምፃዊው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ቤዚስቱ ግንባር ላይ የሚለጥፍ ሰው እስከዛሬ አልታየም።

ሌላም አለ። የክብር ዘበኛው ዘመን ዘፈን የተቀናበረው ለመለከት፣ ለሳክስና ለትሮምቦን ሰልፍ ነው። የዛሬ ክለብ ያን ሰልፍ የሚከፍለው ገንዘብም የሚያቆምበት ቦታም የለውም። ስለዚህ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ አኮርድ ይዞ በቀኙ የአራት ሰው ትንፋሽ ይሠራል። ትንፋሽ ደግሞ ሰው ስለሆነ ይደክማል፣ አየር ይስባል፤ ጎበዝ ኪቦርዲስት እጁን አየር መሳቢያው ቦታ ላይ ያነሣል። ይህን ማንም ልብ አይለውም፤ ካላደረገው ግን ዘፈኑ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል።

ይህን ሁሉ «ኮፒ» ብሎ ማለፍ የጆሮ ስንፍና ነው።

አስገራሚው ነገር ያው ሥራ ፈረንጅ ሲሠራው ስሙ መቀየሩ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሲዲ በፈረንሳይ ማሳተም ከጀመረ በኋላ ከፓሪስ እስከ ቦስተን የኛን ዘፈን የሚጫወቱ ባንዶች ተፈጠሩ። የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን የአዲስ አበባ ዘፈኖች አጥንቶ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ተጫወተ፤ ዝግጅቱም በዚያው ተከታታይ ውስጥ ታተመ። ከብሪታኒ የመጣው ባዱምስ ባንድ ማሕሙድንና ዓለማየሁን አጀበ። የፓሪሱ አካሌ ውቤ ስሙን ሳይቀር ከኛ ወሰደ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1998 ናይጄሪያዊ መስሎ የቀረበ ዳክታሪስ የሚባል የኒውዮርክ ባንድ የዋልያስን «ሙዚቃዊ ስልት» በአልበሙ አስገብቶታል፤ ኒውዮርኮች ናይጄሪያዊ ሆነው የአዲስ አበባ ሙዚቃ ሲጫወቱ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በውጭ ጋዜጦች ትንሣኤ፣ ጥናት፣ ግኝት ተባለ። ክብሩ አይነፈጋቸው፤ አሳምረው የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ግን ያንኑ ዘፈን የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ ምድር ቤት ውስጥ በየሳምንቱ ሲጫወተው «የራሱ የለውም» ከተባለ ሚዛኑ የተጣመመ ነው። ልጁ ዘፈኑን ከሲዲ አላገኘውም፤ ከእናቱ ካሴትና ከቀደመው ኪቦርዲስት እጅ ነው ያገኘው።

ከዚህ ሁሉ የግርማ በየነ ነገር ልብ ይነካል። ግርማ ለስንቱ ድምፃዊ ያቀናበረ፣ ፒያኖ የመታ ሰው ነው፤ በራሱ ድምፅ ያስቀረጸው ግን በጣት የሚቆጠር ዘፈን ነበር። ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ፤ ከሙዚቃ ርቆ ነዳጅ ማደያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2017 አልበም ሲያወጣ ከኋላው የቆሙት የአካሌ ውቤ ልጆች ነበሩ፤ ማለትም ዘፈኖቹን ከአሮጌ ሸክላ ሰምተው፣ በሰው ዘፈንነት ፓሪስ ውስጥ ሲጫወቱ የኖሩ። ያን ሥራ የሚያቆየው ባንድ ባይኖር ሰውየው የሚመለስበት ሙዚቃ ባልጠበቀው ነበር።

እዚህ ላይ ሐቀኛ የሆነ ተቃውሞ ይነሣል። የሰው ዘፈን የሰው ነው፤ ባለቤቱስ? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ግን እንደ ዘፈኑ ይለያያል። አዝማሪ ዘንድ ዜማው የጋራ ነው፤ ትዝታ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ያገኘው ሁሉ የራሱን ስንኝ እያሰናኘ ያዜመዋል፤ አዝማሪ የሚመሰገነው ዜማ በመፍጠሩ ሳይሆን ፊቱ በተቀመጠው ሰው ላይ እዚያው በሚያወጣው ግጥም ነው። ዘመናዊው ዘፈን ግን እንደዚያ አይደለም። ገጣሚ አለው፣ የዜማ ደራሲ አለው፣ አቀናባሪ አለው። እነ ይልማ ገብረአብና አበበ መለሰ ስንቱን ድምፃዊ እንዳነገሡ የሙዚቃ ሰው ያውቃል፤ የሚጨፍረው ሕዝብ ግን ዘፈኑን የሚያውቀው በድምፃዊው ስም ብቻ ነው።

ሕጉ ጉዳዩን ከመለሰው ቆይቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በሕዝብ ፊት ማቅረብን የደራሲው መብት አድርጎታል፤ መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ክፍያው በጋራ አስተዳደር ማኅበራት በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ ከፍቷል። እንግዲህ በሕጉ ዓይን በየቅዳሜው ማታ የሚጫወተው እያንዳንዱ ዘፈን ለአንድ ገጣሚና ለአንድ የዜማ ደራሲ ጥቂት ሳንቲም ማምጣት ነበረበት። ይህ ክፍያ ሲነሣ ግን ጣት ወደ ድምፃዊው ይቀሰራል፤ በሰው ዘፈን የሚኖር፣ በሰው ላብ የሚከብር ይባላል። ነገሩ ተገልብጧል። በዘፈኑ ቢራ የሚሸጠው፣ መግቢያ የሚያስከፍለው፣ ጠረጴዛ የሚያስይዘው ቤቱ ነው። ድምፃዊው በማታ የሚከፈለውን ይዞ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ውል የሚባል ወረቀት አላየም። ክፍያው ከቤቱ ገቢ ላይ እንደ ውኃና መብራት ተቆጥሮ ቢሰበሰብ ባንዱም አይሰደብም፣ ደራሲውም አይቀርበትም።

ለባንዱ የሚቀርለት ነገር ደግሞ አንድ ነው፤ ስም መጥራት። ድምፃዊ ዘፈን ጨርሶ «አመሰግናለሁ» ከማለቱ በፊት ግጥሙ የእገሌ፣ ዜማው የእገሊት ቢል አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ሰርግ ላይ የሙሽራውን አጎቶች ስም ዝርዝር ከወረቀት ለማንበብ አሥር ደቂቃ የሚያጠፋ መድረክ ለዚህ ጊዜ አያጣም።

የሙያው መሠረት ምን ያህል የሳሳ እንደሆነ መጋቢት 2012 ዓ.ም አሳይቶ ነበር። ኮሮና ገብቶ የአዲስ አበባ የምሽት ክለቦች እንዲዘጉ ሲወሰን የክለብ ሙዚቀኛ ደመወዝ በአንድ ሌሊት ዜሮ ሆነ። አልበም ያለው ቢያንስ ዘፈኑ በኢንተርኔት ይደመጥለታል። ቤዚስቱ ምን ይደመጥለታል? አንዳንዱ መሣሪያውን ሸጠ፤ ጊታር የሸጠ ጊታሪስት ደግሞ ክለቡ ሲከፈት ወደ ሥራ የሚመለስበት ነገር የለውም። ቤቶቹም ራሳቸው አይበረክቱም። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ ጥር 2007 ዓ.ም በእሳት ወደመ፤ ካዛንቺስ የነበረው ነባሩ የፈንዲቃ ቤት ደግሞ በመልሶ ማልማት ፈረሰ። አንድ ቤት ሲጠፋ የሚጠፋው ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ አዲሱ ልጅ ከነባሩ ጎን ቆሞ «እዚህ ጋ ቀይር» እየተባለ የሚማርበት ማታ ነው። ክለብ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት በየሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሙሉ በሙሉ አይገኝም። የሬድ ኖታ ያስተምራል፤ ሶፍት ላይ ተጽፎ የመጣን ዘፈን በአራት ምት ውስጥ ማስታወስን ግን የሚያስተምረው ቤቱ ነው።

ቤቶቹ የሚያደርሱት ጉዳት ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። ርካሽ በመሆኑ አምስት ሰው በአንድ ኪቦርድና በአንድ ድምፃዊ የሚተካ ባለቤት ብዙ ነው፤ ድራሙም፣ ቤዙም፣ መለከቱም ከማሽኑ ይወጣል። ገበያ ነው፣ አይፈረድበትም ይባል ይሆናል። ግን ማሽኑ ሰው ሲነሣ አያይም። የጨፋሪው እግር መድከሙን፣ ሙሽሪት መቀመጧን፣ ከኋላ ጠብ ሊነሣ መሆኑን አያይም። ደህና ድራመር እነዚህን ሦስቱንም አይቶ ምቱን ያበርዳል ወይም ያፋጥናል።

በውጭ ያለው አበሻም ይህን የሚያውቀው በናፍቆት በኩል ነው። ዋሽንግተን ዩ ስትሪት ላይም ሆነ ሌላ ከተማ ባለ የአበሻ ምግብ ቤት ቅዳሜ ማታ የሚቆመው ባንድ አዲስ ዘፈን ቢያቀርብ የሚሰማው ያገኝ ይሆናል፤ የሚያለቅስለት ግን አያገኝም። ታዳሚው ከሥራ ወጥቶ፣ ሰዓት ቆጥሮ የመጣው አገር ሳለ የሰማውን እንደሰማው ለመስማት ነው። ባንዱ ያን ዘፈን ከአንድ ቁራጭ መግቢያ ጀምሮ እንደነበረ ማቅረብ አለበት፤ የሳክሱ መግቢያ ሁለት ድምፅ ቢጎድል ከጠረጴዛው የሚያርም ሰው አይጠፋም። ይህ የታማኝነት ጥያቄ ከባድ ነው። አንዳንዱ ባንድ በዚህ ምክንያት ሃያ ዓመት ሙሉ አንድን ዘፈን አንዲት ምት ሳይቀይር ይጫወታል፤ ለሙዚቀኛው ይህ እስር ቤት ሊሆንበት እንደሚችል መካድ አይገባም። የተሻሉት ባንዶች መላ አላቸው። የመጀመሪያውን ዙር እንደሸክላው ይጫወቱትና ታዳሚው አምኖ ሲነሣ መሐሉን ከፍተው ሳክሱን ይለቁታል። ሰዉ ሳያውቀው አዲስ ሙዚቃ ሰምቶ ይሄዳል።

የሰው ዘፈን በአደባባይ የሚከበርበት አንድ ቦታ አለ፤ ቴሌቪዥን። ከኢትዮጵያ አይዶል ጀምሮ እስከ ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት ድረስ ተወዳዳሪው የሚመዘነው በታወቀ ዘፈን ነው፤ አገር ቁጭ ብሎ ያያል፣ ቤተሰብ ድምፅ ይሰጣል፣ ዳኞች ስለ ቅላጼና ስለ ቅኝት ይናገራሉ። ክለብ ውስጥ ውርደት የነበረው እዚያ ክብር ይሆናል። እዚያም ቢሆን ካሜራው የሚያየው ተወዳዳሪውንና ዳኞቹን ነው። ልጅቷ በድንጋጤ አንድ ስንኝ ቀድማ ስትገባ ቤዚስቱ ሁለት ምት ዘልሎ ይጠብቃታል፤ ኪቦርዱ መግቢያውን ያሳጥራል፤ ድራመሩ ሲምባሉን መትቶ ስሕተቱን ይሸፍናል። ዳኛው «ባንዱን በደንብ ሰምተሽዋል» ብሎ ያመሰግናታል፤ እሷም እጅ ነሥታ ትወርዳለች። ከኋላ ያሉት ደግሞ ለቀጣዩ ተወዳዳሪ ኪዩን አንድ ቶን ዝቅ ያደርጋሉ።